የዘጌው ሰርግ ያለበት ዲስክ፦ ከተጎዳ ፓርቲሽን ፋይል እንዴት ይወጣል

ባለፈው ጥር ማለቂያ ላይ አንድ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ከአባይ ማዶ በባጃጅ ባሕር ዳር ያለው ሱቄ ድረስ መጡ። ስድሳን የተሻገሩ፣ ሰርግ በካሴት ከሚቀረጽበት ዘመን ጀምሮ ካሜራ ከትከሻቸው ያልወረደ ሰው ናቸው። ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ባለ 1 ቴራባይት ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ በቀስታ አኖሩት።

«ልጄ፣ ሁለት ሰርግ አለበት። ሦስተኛው ሲገባ ነው የሞተው። አንዱ የዘጌ ነው፤ ሙሽሮቹ በጀልባ ሲመጡ ከወደቡ ቆሜ የቀረጽኩት። እሱ ከጠፋ እኔም ከዚህ ከተማ ልጥፋ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስተኛውን ሰርግ ከካሜራው ሚሞሪ ካርድ ወደ ዲስኩ ኮፒ እያደረጉ ሳለ መብራት ሄደ። ሲመለስ ዊንዶውስ ዲስኩን ለመጠቀም መጀመሪያ ፎርማት መደረግ አለበት፣ ፎርማት ይደረግ ወይ ብሎ ጠየቃቸው። የሦስተኛው ሰርግ ካርድ በእጃቸው አለ፤ የሁለቱ ካርዶች ግን ተደምስሰው ሌላ ነገር ተቀርጾባቸዋል።

«ታዲያ ጋሼ፣ ምን አሉት?» አልኳቸው።

«ምንም አላልኩት። ገመዱን ነቅዬ ወዳንቺ መጣሁ።»

ይህን ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ እንዲህ ያለ ደስ የሚል መልስ የሰማሁት ከስንት አንዴ ነው። ብዙው ሰው ወደ እኔ የሚመጣው ፎርማቱን እሺ ብሎ፣ ሁለት ሪከቨሪ ሶፍትዌር ጭኖ፣ የጎረቤት ልጅ «እስቲ ልሞክረው» ብሎ ከነካካው በኋላ ነው። የእሳቸውን ዲስክ እንዴት እንዳወጣሁት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ልንገራችሁ፤ እናንተም ቤታችሁ ሆናችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። የት ላይ ማቆም እንዳለባችሁም እግረ መንገዴን እናገራለሁ።

በመጀመሪያ ምን እንደተጎዳ እንወቅ። ገጠር ያደገ ሰው የድንበር ድንጋይ ምን እንደሆነ ያውቃል። ድንጋዩ ከተነቀለ ማሳው የማን እንደሆነ አይታወቅም እንጂ ጤፉ እዚያው ቆሟል። ፓርቲሽንም፣ ማለትም ዲስኩ የሚከፋፈልበት አንዱ ክፍል፣ እንደዚያ ነው። በድሮው ኤምቢአር በሚባለው አሠራር የዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተር፣ ማለትም ዲስኩ የሚጻፍበትና የሚነበብበት ትንሿ ቁራሽ፣ 512 ባይት ነው፤ ከዚያ ውስጥ የፓርቲሽኖቹን ድንበር የሚይዘው 64 ባይት ብቻ ነው፤ አራት ፓርቲሽን፣ ለእያንዳንዱ 16 ባይት። የአንድ ቴራባይት ማሳ ድንበር በ64 ባይት ላይ ቆሟል ማለት ነው። ከድንበሩ ቀጥሎ ደግሞ እንደ እድር መዝገብ ያለ ነገር አለ። ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የዊንዶውስ የፋይል አደረጃጀት (ፋይል ሲስተም) ኤምኤፍቲ ይባላል፤ የትኛው ፋይል የት እንደተቀመጠ፣ ስሙ ማን እንደሆነ የተመዘገበበት ነው። መዝገቡ ቢቀደድ አባላቱ ከየቤታቸው አልጠፉም፤ የጠፋው አድራሻቸው ነው። ዊንዶውስ «ፎርማት ልበለው?» ሲል ድንበሩን ወይም መዝገቡን ማንበብ አቅቶኛል ማለቱ ነው። በዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ስታዩት ከፓርቲሽኑ አጠገብ «ሮው» የሚል ጽሑፍ ይታያል።

ስለዚህ ከዚያ ደቂቃ ጀምሮ ዲስኩ ላይ ምንም አዲስ ነገር እንዳይጻፍበት ማድረግ ነው። ፎርማት የለም። ሪከቨሪ ሶፍትዌር እዚያው ዲስክ ላይ መጫን የለም። የወጣውን ፋይል መልሶ እዚያው ማስቀመጥ የለም። ቼክዲስክ የሚባለው የዊንዶውስ የዲስክ ማስተካከያም የለም! ይህን የምለው በምክንያት ነው። ስለ ጣና እንቦጭ የማስተርስ ጥናቱን የሚሠራ ልጅ አንድ ቀን ዲስኩን አምጥቶልኝ ነበር። ጓደኛው ቼክዲስክ አስነስቶለት፣ ፕሮግራሙ ሥራውን ጨርሶ፣ ዲስኩ ደህና ሆኖ ተከፈተ። የሁለት ዓመት መረጃው ግን «ፋውንድ» በሚባል ፎልደር ውስጥ ስም የለሽ ቁርጥራጭ ሆኖ ተገኘ። ቼክዲስክ የተሠራው መዝገቡን ለማስተካከል ነው። መዝገቡ እንዲስተካከል የማይመች አባል ካገኘ ይሰርዘዋል። ጥፋቱ የፕሮግራሙ አይደለም፤ ያለ ቦታው የጠራው ሰው ነው።

ከዚህ በፊት ግን ሌላ ነገር ላጣራ። ፍላሻችሁን ከፍታችሁ ፎልደሮቻችሁ በሙሉ ሾርትከት ሆነው ካገኛችኋቸው ይህን ሁሉ ማንበብ አያስፈልጋችሁም። ያ የሾርትከት ቫይረስ ነው፤ ከፔዳና ከፖሊ ግቢ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፍላሽ ላይ ያላየሁበት ሳምንት የለም። ፋይላችሁ አልጠፋም፣ ተደብቋል። በፎልደር ኦፕሽን ውስጥ የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለውን ምረጡ፤ ከሥሩ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውን ምልክት አንሱ፤ ፋይሎቹ ደብዘዝ ብለው ብቅ ይላሉ። ሾርትከቶቹን ሳትነኩ ፋይሎቹን ብቻ ወደ ሌላ ቦታ ውሰዱ፤ ፍላሹንም ኮምፒውተሩንም በአንቲቫይረስ አጽዱ።

ወደ ጋሼ ዲስክ ልመለስ። ገመድ ከመሰካቴ በፊት ጆሮዬን አዘጋጃለሁ። ሰክቼ ግማሽ ደቂቃ አዳምጣለሁ። ጤነኛ ዲስክ እንደ ሩቅ ማራገቢያ ዝም ያለ ሽውታ አለው። «ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ» የሚል፣ እየቆመ የሚደጋገም ድምፅ ካለ፣ ወይም ሳይሽከረከር ቢፕ ቢፕ ካለ፣ ያኔውኑ ንቀሉት። ያ የሶፍትዌር ነገር አይደለም፤ የማንበቢያው ጭንቅላት ወይም ሞተሩ ተጎድቷል። ጭንቅላቱ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ከሚሽከረከረው ሳህን በላይ በናኖሜትር በሚለካ ርቀት ነው የሚንሳፈፈው። የታመመ ጭንቅላት እየሮጠ በቆየ ቁጥር ሳህኑን ይፍቃል፤ የተፋቀውን ማንም አይመልሰውም። እንዲህ ያለው ዲስክ የሚከፈተው አቧራ በሌለበት ልዩ ክፍል ነው። እኔ አልከፍትም፤ እናንተም በዩቲዩብ አይታችሁ ዊንዝ አትፍቱበት። ፍሪጅ ውስጥ ይግባ የሚለውን ምክር ደግሞ እርሱት። ከፍሪጅ የወጣ ነገር ምን ያህል እንደሚያልበው በተለይ በሐምሌ ሐይቅ ዳር የምንኖር ሰዎች እናውቃለን፤ ያ ላብ ሳህኑ ላይ ሲያርፍ አስቡት።

አንድ ደንበኛዬ «ባሕር ዳር ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ አየሩ ሳስቶ ነው ዲስኩ የሞተብኝ» ብሎ ተከራክሮኛል። ነገሩ ሙሉ በሙሉ ባዶ አይደለም፤ ጭንቅላቱ የሚንሳፈፈው በእርግጥ በአየር ላይ ነው። ነገር ግን ከተማችን 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ አምራቾቹ ለተለመደ ዲስክ የሚፈቅዱት የሥራ ከፍታ ደግሞ 3,048 ሜትር ነው። የእሱ ዲስክ የሞተው እየሠራ ከጠረጴዛ ወድቆ ነው። በነገራችን ላይ፣ ጋሼ ዲስኩን ነቅለው ኪሳቸው ውስጥ ይዘው መምጣታቸው ጥሩ ነበር። የጠፋ ዲስክ ጭንቅላቱ ተሰብስቦ ስለሚቆም ባጃጅ በኮብልስቶን ላይ ቢያንገጫግጨውም ይችላል። የበራ ዲስክ ግን ትንሽ ግጭት ይበቃዋል።

ውሃ ውስጥ የወደቀ ከሆነ አታብሩት፤ በፀጉር ማድረቂያም አታድርቁት። እርጥቡን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ለባለሙያ ላኩት፤ ከደረቀ በኋላ የሚቀረው ዝቃጭ ከውሃው የባሰ ነው።

የጋሼ ዲስክ ድምፁ ደህና ነበር። ከዚያ የጤና መዝገቡን አየሁ። ዲስኮች ስማርት የሚባል የራሳቸው ማስታወሻ አላቸው፤ ስማርትሲቲኤል በሚባል ትእዛዝ ይነበባል። ብዙ ቁጥር ይደረድራል፤ እኔ የማየው ሦስቱን ነው፤ ቁጥር 5፣ ቁጥር 197 እና ቁጥር 198። የመጀመሪያው ተበላሽተው የተተኩ ሴክተሮችን፣ ሁለተኛው ለማንበብ ያስቸገሩና ውሳኔ የሚጠብቁትን፣ ሦስተኛው ከነጭራሹ ያልተነበቡትን ይቆጥራል። ሦስቱም ዜሮ ከሆኑ ችግሩ የድንበሩ ወይም የመዝገቡ ብቻ ሊሆን ይችላል። የጋሼ ዲስክ 197 ላይ ዜሮ አልነበረም። መዝገቡም ተነክቷል፣ ማሳውም እዚህም እዚያም ተቦርቡሯል ማለት ነው።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ፤ ኢሜጅ መውሰድ። ከበሽተኛው ዲስክ ላይ ፋይል ፍለጋ አይኬድም። ዲስኩን ከመጀመሪያው ሴክተር እስከ መጨረሻው አንዴ ወደ ሌላ ዲስክ ትቀዱታላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ምርመራ ሁሉ በቅጂው ላይ ነው። ብትሳሳቱ የምትሳሳቱት ቅጂው ላይ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ነገር ብዙ አይደለም። ባትሪው ደህና የሆነ ላፕቶፕ፣ አንድ ፍላሽና ከበሽተኛው የሚበልጥ ጤነኛ ዲስክ ነው። ለ1 ቴራባይት 1 ቴራባይት አይበቃም፤ የቅጂው ፋይል ዲስኩን በሙሉ የሚያክል ስለሆነ መቀበያው ላይ ለፋይል ሲስተሙ ቦታ አይተርፍም። እኔ ባለ 2 ቴራባይት እጠቀማለሁ፤ ከኢሜጁ የተረፈው ቦታ በኋላ ለሚወጡት ፋይሎች ይሆናል። መቀበያው ፋት32 እንዳይሆን! ፋት32 ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይሸከምም። ኤንቲኤፍኤስ ወይም የሊኑክሱ ኤክስት4 ይሁን።

ፍላሹ ላይ ሲስተምሬስኪው የሚባለውን ነፃ ሊኑክስ ሩፎስ በሚባለው ፕሮግራም ጫኑና ላፕቶፑን በእሱ አስነሱት። ኡቡንቱም ይሠራል፤ ግን ኡቡንቱ እንግዳ ዲስክ ሲሰካ ራሱ ሊከፍተው ይሞክራል፣ ሲከፍት ደግሞ ሊጽፍበት ይችላል። ሲስተምሬስኪው ካላዘዛችሁት አይነካም። የምንፈልጋቸው ፕሮግራሞችም አብረውት ተጭነው ይመጣሉ።

የምንቀዳበት ፕሮግራም ዲዲሬስኪው ነው። ጎንደር ላለው ወንድሜ አንዴ በስልክ አስጽፌዋለሁ፤ ለእናንተም እንደዚያው ልንገራችሁ። ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል ዲ፣ ዲ፣ አር፣ ኢ፣ ኤስ፣ ሲ፣ ዩ፣ ኢ ነው፤ በትንንሽ ፊደል። መጀመሪያ ግን የትኛው ዲስክ የትኛው እንደሆነ እንለይ። በሽተኛው ሳይሰካ ኤል፣ ኤስ፣ ቢ፣ ኤል፣ ኬ ብላችሁ ጽፋችሁ ኢንተር በሉ፤ ዝርዝሩን ወረቀት ላይ ገልብጡ። በሽተኛውን ሰክታችሁ ያንኑ ድገሙ። አዲስ የመጣው መስመር እሱ ነው፤ ኤስዲቢ ወይም ኤስዲሲ የመሰለ ስም ይኖረዋል። መጠኑንም አረጋግጡ። ሻጩ 1 ቴራባይት ያለው ዲስክ እዚያ ላይ 931 ጊጋባይት ተብሎ ነው የሚታየው፤ ዲስክ አልተሰረቀባችሁም፣ አቆጣጠሩ ነው የተለየው።

መቀበያውን በማውንት ትእዛዝ ኤምኤንቲ ከሚባለው ፎልደር ጋር አገናኙትና ወደዚያ ፎልደር ግቡ። ከዚያ የፕሮግራሙ ስም፣ ክፍተት፣ ጭረት ዲ፣ ክፍተት፣ ጭረት ኤን፣ ክፍተት፣ የበሽተኛው ዲስክ አድራሻ፣ ክፍተት፣ ለኢሜጁ የምትሰጡት ስም፣ ክፍተት፣ ለካርታው የምትሰጡት ስም። አድራሻው እዝባር፣ ዲ፣ ኢ፣ ቪ፣ እዝባር፣ ከዚያ ኤስዲቢ ወይም የእናንተ የሆነው ነው። ቅደም ተከተሉ አይዛነፍ፤ የሚነበበው መጀመሪያ፣ የሚጻፍበት ሁለተኛ። ኢንተር ከማለታችሁ በፊት ጣታችሁን አንሱና ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ፕሮግራሙ ወደ ዲስክ በቀጥታ ለመጻፍ የማስገደጃ ትእዛዝ ስጡኝ ካላችሁ ደግሞ አትስጡት፤ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል።

ጭረት ዲ «ዲስኩን በቀጥታ አንብብ» ማለት ነው፤ ጭረት ኤን ደግሞ «ያስቸገረህን ትተህ እለፍ» ማለት ነው። በመጀመሪያው ዙር ቀላሉን ሁሉ እንሰበስባለን። የታመመ ዲስክ ምን ያህል ዕድሜ እንደቀረው ስለማይታወቅ መጀመሪያ አስቸጋሪው ቦታ ላይ መጋጋጥ ሞኝነት ነው። የዳነውን ካስገባን በኋላ በሁለተኛው ዙር ጭረት ኤንን ትተን በቦታው ጭረት አር 3 እንጽፋለን፤ የቀሩትን ቦታዎች ሦስት ሦስት ጊዜ እንደገና ይሞክራል።

ሦስተኛው ፋይል፣ ካርታው፣ ለዚህች ከተማ የተሠራ ነው እላለሁ። የቱ ሴክተር እንደተነበበ፣ የቱ እንደቀረ እየመዘገበ ይሄዳል። መብራት ቢሄድ፣ ገመድ ቢነቀል፣ ያንኑ ትእዛዝ በዚያው የኢሜጅና የካርታ ስም ስትደግሙ ካቆመበት ይቀጥላል። ዲስኩን ከመጀመሪያው አያስለፋውም። በሰማያዊው ዩኤስቢ፣ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ከተነበበ 1 ቴራባይት 2 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ይፈጃል። በድሮው ዩኤስቢ 2 ግን በሰከንድ 30 ሜጋባይት ቢሄድ ከ9 ሰዓት በላይ ነው። ባድ ሴክተር፣ ማለትም የተበላሸ ሴክተር፣ ሲጨመርበት ቀናት ሊሆን ይችላል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ መብራት አይሄድም ብሎ የሚወራረደኝ የቀበሌ 14 ሰው ካለ ይምጣ።

ይህን ያወቅሁት ተቃጥዬ ነው። መጀመሪያ አካባቢ የአንድ ሰው ዲስክ እየቀዳሁ ካርታውን የት እንደማስቀምጥ አላሰብኩም፤ በፍላሽ በተነሳው ሊኑክስ የራሱ ፎልደር ውስጥ ተውኩት። ያ ፎልደር ያለው ራም ላይ፣ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ በሚደመሰሰው ጊዜያዊ ማስታወሻ ላይ ነው። በስድስተኛው ሰዓት መብራት ሄደ፣ የዚያን ጊዜ የምሠራበት ዴስክቶፕ ጠፋ፣ ካርታውም አብሮ ጠፋ። ኢሜጁ አለ፤ ግን የቱ ተነቧል፣ የቱ ባዶ ነው? የሚነግረኝ የለም። እንደገና ከዜሮ ጀመርኩ፤ ዲስኩ ግን ሁለተኛውን ጉዞ አልጨረሰውም። ለባለቤቱ የሆነውን ሳልደብቅ ነገርኩት፤ አልጮኸብኝም፣ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ስለዚህ ካርታው ከኢሜጁ ጋር፣ መቀበያው ዲስክ ላይ። ወደ መቀበያው ፎልደር ግቡ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ኤሌክትሪክ ለብቻው የሚፈልገውን ትልቁን የዴስክቶፕ ዲስክ የምትቀዱ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ አትጀምሩ። ትንሹ ኤክስተርናል ከላፕቶፑ ባትሪ ስለሚጠጣ ይህ ችግር የለበትም። በሚያዝያ ሙቀት ደግሞ ትንሽ ማራገቢያ አስጠጉለት።

ኤክስተርናሉን ከሽፋኑ አውጥታችሁ ሳታ በሚባለው የኮምፒውተር የውስጥ ገመድ ለመሰካት ካሰባችሁ ቆም በሉ። አንዳንዱ ሽፋን ውስጥ ያለችው ትንሽ ካርድ መረጃውን እየመሰጠረች ነው የምትጽፈው፤ ያለ እሷ የሚነበበው ትርጉም የሌለው ነገር ነው። አንዳንዷ ደግሞ 512 ባይት የሆነውን ሴክተር 4096 ባይት አድርጋ ታሳያለች፤ ከሽፋኑ ሲወጣ የድንበሩ ቁጥሮች ሁሉ ስለሚዛቡ ጤነኛው ፓርቲሽን ራሱ የተበላሸ ይመስላል። ዲስኩ የተጻፈበት ሽፋን ደህና ከሆነ በእሱ ቅዱት።

የጋሼን ዲስክ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ አስነሳሁት። ሌሊት ሁለት ጊዜ መብራት ሄዶ ተመለሰ። አንዴ ባትሪው ችሎታል፣ አንዴ ተኝቼ ስለነበር ላፕቶፑ ጠፍቶ አገኘሁት፤ ጠዋት ትእዛዙን ደግሜ ካቆመበት ቀጠለ። ከሁለተኛው ዙር በኋላ ያልተነበበው ከ1 ሜጋባይት በታች ሆነ። በሽተኛውን ነቅዬ ፖስታ ውስጥ ከተትኩት።

አሁን ፋይሉን እንፈልግ። ለዚህ ቴስትዲስክን እጠቀማለሁ፤ ክሪስቶፍ ግሬኒየር የሚባል ፈረንሳዊ የሠራው ነፃ ፕሮግራም ነው። መልኩ ጥቁርና የድሮ ነው፤ ማውዝ የለም፣ በቀስት ቁልፎች ነው የሚኬደው። አትፍሩት። የፕሮግራሙን ስም ጽፋችሁ፣ ክፍተት፣ የኢሜጁን ስም አስከትሉ፤ ያኔ ኢሜጁን እንደ ዲስክ ይከፍተዋል። የሠንጠረዡን ዓይነት ሲጠይቃችሁ ብዙ ጊዜ ራሱ የገመተው ትክክል ነው፤ ኢንቴል ማለት ኤምቢአር ነው፣ ኢኤፍአይ ማለት የኤምቢአር አዲሱ ተተኪ፣ ጂፒቲ ነው። ጂፒቲ ከሆነ ዕድለኛ ናችሁ፤ የሠንጠረዡ ሁለተኛ ቅጂ በዲስኩ መጨረሻ ላይ አለ።

«አናላይዝ»፣ ቀጥሎ «ኩዊክ ሰርች» በሉት። ያገኛቸውን ፓርቲሽኖች ይደረድራል። የእናንተን በመጠኑ ለዩና በእንግሊዝኛ ፒ ተጫኑ። የፎልደሮቻችሁ ስም ከመጣ ተገኘ ማለት ነው። ካልመጣ «ዲፐር ሰርች» የሚለው አለ፤ ረጅም ስለሆነ ቡና አፍሉበት። ድንበሩን መልሶ የሚጽፈው «ራይት» የሚለው ምርጫ ያጓጓችኋል፤ ፋይሎቹ እስኪወጡ ድረስ አትንኩት። እኛ የምንፈልገው ማሳውን ማስመለስ ሳይሆን እህሉን ማንሳት ነው።

ለጋሼ ፓርቲሽኑ ወዲያው ተገኘ፤ ፒ ስጫን ግን ፋይል ሲስተሙ የተጎዳ ይመስላል የሚል መልስ መጣ። እንዲህ ሲሆን ወደ መጀመሪያው ሜኑ ተመለሱና «አድቫንስድ»፣ ፓርቲሽኑን መርጣችሁ «ቡት» በሉ። ኤንቲኤፍኤስ የመጀመሪያ ሴክተሩን ትርፍ ቅጂ በፓርቲሽኑ የመጨረሻ ሴክተር ላይ ያስቀምጣል። ቴስትዲስክ ሁለቱን አስተያይቶ ይነግራችኋል። የጋሼ የፊተኛው «ባድ»፣ የኋለኛው «ኦኬ» ነበር። «ባክአፕ ቢኤስ» የሚለው ምርጫ የኋለኛውን ወደ ፊት ይገለብጠዋል። ይህ መጻፍ ነው፤ የተጻፈው ግን ኢሜጁ ላይ ስለሆነ እጄ አልተንቀጠቀጠም። ሁለቱም ባድ ከሆኑ «ሪቢልድ» የሚለው ከኤምኤፍቲው ተነስቶ ለማስላት ይሞክራል። ፋት32 የሆነ ፍላሽ ከሆነ ትርፍ ቅጂው ሴክተር 6 ላይ ነው፤ አሠራሩ አንድ ነው።

ተመልሼ «ሊስት» ስል ፎልደሮቹ ተደረደሩ። «ዘጌ» የሚለውን ሳይ ለብቻዬ አጨበጨብኩ። ትንሹን ኤ ስትጫኑ ሁሉንም ይመርጣል፤ አንድ በአንድ ለመምረጥ ሁለት ነጥቧን ተጫኑ። የተመረጡትን ለመቅዳት ትልቁን ሲ፣ ሺፍት ይዛችሁ። መድረሻውን ይጠይቃችኋል፤ መቀበያው ዲስክ ላይ አዲስ ፎልደር አዘጋጁና እዚያ ገብታችሁ እንደገና ትልቁን ሲ።

መዝገቡ ጨርሶ ከጠፋ ፎቶሬክ አለ፤ የቴስትዲስክ ወንድም ነው። መዝገብ አይጠይቅም፤ ሴክተር በሴክተር እየሄደ ጄፔግ እንዲህ ነው የሚጀምረው፣ ፒዲኤፍ እንዲህ ነው የሚጀምረው እያለ ፋይሉን በመልኩ ያውቀዋል። የሚያስከፍላችሁ ስሙን ነው። ኤፍ ብሎ የሚጀምር ቁጥር የሆነ ስም ያላቸው ሺህ ፋይሎች ታገኛላችሁ፤ ፎልደሩም ይጠፋል። ለፎቶ እጅግ ጎበዝ ነው። ረጅም ቪዲዮ ግን ብዙ ጊዜ ዲስኩ ላይ ተቆራርጦ ስለሚቀመጥ መጀመሪያውን ይዞ ቀሪውን ሊስተው ይችላል። ስለዚህ ሁልጊዜ ቴስትዲስክ ይቅደም። ሲቀረጽ መብራት ወይም ባትሪ ሄዶበት የማይከፈት ኤምፒ4 ደግሞ ሌላ በሽታ ነው፤ ካሜራው መጨረሻ ላይ የሚጽፈው ማውጫ ስለጎደለ ነው። አንትራንክ የሚባለው ፕሮግራም በዚያው ካሜራ የተቀረጸ ጤነኛ ቪዲዮ ሰጥታችሁት ማውጫውን ሊሠራለት ይችላል።

ኤስኤስዲ በሚባለው የሚሽከረከር ሳህን በሌለው ዲስክ ላይ ፋይል ደልታችሁ ወይም ፎርማት አድርጋችሁ ከሆነ ከዚህ ሁሉ ብዙ አትጠብቁ፤ ትሪም የሚባለው አሠራር የተደለተውን ቦታ ዲስኩ ራሱ እንዲያጸዳው ያዛል፣ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ። ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተቆለፈ ፓርቲሽን ከሆነ ደግሞ ባለ 48 አኃዙን ቁልፍ ፈልጉ፤ በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል። ያለ እሱ ኢሜጁ ቢኖርም አይከፈትም።

ፋይሉ ስለወጣ ሥራው አላለቀም። ዲዲሬስኪው ማንበብ ያቃተው ቦታ ኢሜጁ ላይ በዜሮ ነው የሚቀረው፤ ስለዚህ ስሙም መጠኑም ልክ ሆኖ ውስጡ የተቦረቦረ ፋይል ሊኖር ይችላል። ፎቶዎችን በትልልቅ አይከን አድርጋችሁ እዩ፤ ግማሹ ግራጫ የሆነውን ዓይን ያገኘዋል። ቪዲዮን ከመጀመሪያ፣ ከመሃል፣ ከመጨረሻ ክፈቱ። ሰነዶችን ክፈቱ። ባለቤቱ አጠገባችሁ ቢኖር ይመረጣል፤ የሚጎድለውን የሚያውቀው እሱ ነው። ይህ ሁሉ ሳይሆን ኢሜጁን አታጥፉ፣ በሽተኛውንም ዲስክ ፎርማት አታድርጉ።

ጋሼን ጠርቼ አጠገቤ አስቀመጥኳቸው። ጀልባው ከክብራን ደሴት በኩል ብቅ ሲል፣ ታንኳዎቹ ሲያጅቡት፣ ሴቶቹ ወደቡ ላይ እልል ሲሉ፣ ሁሉም ደህና ነው። ወደ ማታው ጭፈራ ሲደርስ ምስሉ አንድ ቦታ ላይ ሁለት ሰከንድ ያህል ተሰባብሮ፣ የአንደኛው ሚዜ እግር ወደ ቀኝ፣ ጭንቅላቱ ወደ ግራ ሄዶ ተመለሰ። ያልተነበበው ቦታ እዚያ ላይ አርፏል። ይቅርታ ልጠይቃቸው ዞር ስል እየሳቁ ናቸው።

«ተይው ልጄ» አሉኝ፤ «እኔ ቆሜ ስቀርጸውም እንዲሁ ነበር የሚጨፍረው።»